ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን በወረቀት ላይ አሰናዱት፦ ደረጃ በደረጃ

«ይሄ ሶፋ ሳሎኔ ውስጥ ይገባል?» ከሶፋው ፎቶ ጋር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ የባዶ ሳሎኑንም ፎቶ አብሮ ይልካል። ከፎቶ ተነስቶ መመለስ ግን አይቻልም። የስልክ ካሜራ ክፍሉን ከሆነው በላይ አስፍቶ ያሳያል። ሶፋው ደግሞ ጣሪያው ከፍ ባለ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ሲታይ አንሶ ይታያል። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጣችሁ ሜትርና ካሬ ወረቀት ነው። ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ መስመር ማስመርና ካሬ መቁጠር ከቻላችሁ ይበቃል። አንድ ከሰዓት ብትመድቡለት ትጨርሱታላችሁ።

ምሳሌ የማደርገው አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው፤ ወርዱ 3.60 ሜትር፣ ርዝመቱ 4.80 ሜትር። የእናንተ ልክ ሌላ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ለኪራይ ቤትም፣ ለቪላም፣ ለአንድ ክፍል ስቱዲዮም ይሠራል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር። የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ ለዚህ አይሆንም።
- ካሬ ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ወይም ግራፍ ወረቀት
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ
- መቀስና ስስ ካርቶን (የብስኩት ወይም የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ይሆናል)
- ሲባጎ፣ 7 ሜትር ያህል
- ጠመኔ ወይም የወረቀት ፕላስተር፣ እና ያለፈበት ጋዜጣ
- የሜትሩን ጫፍ የሚይዝላችሁ ሰው

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ በእጅ ሳሉት

ሜትሩን ከመንካታችሁ በፊት ክፍሉ መሃል ቁሙና ቅርጹን በደብተር ላይ ጫር ጫር አድርጉት። በሩ የት ነው? መስኮቱ? ወደ ኩሽና መግቢያው? የወጣ ኮለን (ምሰሶ) አለ? ማማር የለበትም። ይሄ ረቂቅ የምትለኩትን ቁጥር የምትጽፉበት ነው። ረቂቁ ሳይኖር የተለካ ቁጥር ማታ ላይ የየትኛው ግድግዳ እንደነበረ ይጠፋባችኋል።

2. ለኩ፤ ሁሉንም በሴንቲ ሜትር ጻፉ

አንዱን በሜትር፣ ሌላውን በሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ አትቀላቅሉ። 3.60 ሜትር ከሆነ 360 ብላችሁ ጻፉ። በዚህ ሥራ ላይ ትልቁን ችግር የሚያመጣው የነጥብ ስህተት ነው።

እያንዳንዱን ግድግዳ ሁለት ቦታ ለኩ፤ አንዴ ከወለሉ አጠገብ፣ አንዴ ወገብ አካባቢ። የልስን ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዞኮሎውም (ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚለጠፈው ጠርዝ) ወደ ውስጥ ትንሽ ይወጣል። ሁለቱ ከተለያዩ ትንሹን ቁጥር ያዙ። ቁም ሳጥን የሚቆመው በሰፊው ልክ ሳይሆን በጠባቡ ነው።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስትለኩ ሜትሩን ጥጉ ላይ አጥፋችሁ በግምት አታንብቡ። የሜትሩን ቀፎ ግድግዳው ላይ አስደግፉና በአፉ በኩል ያለውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ የቀፎውን ርዝመት ደምሩበት። ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ በማስመሪያ ለኩት። እነዚህ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ናቸው ፍሪጅን ከጥግ የሚያስቀሩት።

ቀጥሎ አግድም ለኩ፤ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ። ሲባጎው ለዚህ ነው፤ 5 ሜትሩ ስለማይደርስ ሲባጎውን ወጥራችሁ ያዙና በኋላ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ለኩት። ፊት ለፊት ያሉት ግድግዳዎች እኩል ሆነው ሁለቱ አግድሞችም እኩል ከሆኑ የክፍሉ ጥጎች ቀጥ ያሉ ናቸው። በምሳሌያችን ሳሎን ሁለቱም 6 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ 6.00 ሌላው 6.08 ከመጣ ክፍሉ ዘመም ብሏል ማለት ነው። ለሶፋ ችግር የለውም። ጥግ ውስጥ ተገጥሞ ለሚሠራ ቁም ሳጥን ወይም ቡፌ ግን ለአናጢው መንገር አለባችሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ለኩ፦

- እያንዳንዱ በርና መስኮት ከቅርቡ ጥግ ያለው ርቀት፣ ወርዱም
- የመስኮቱ ደፍ ከወለል ያለው ከፍታ
- ሶኬቶችና ማብሪያ ማጥፊያዎች ከጥግ ያላቸው ርቀትና ከፍታ
- የዲሽና የኢንተርኔት ገመድ የሚገባበት ቦታ
- የጣሪያው ከፍታ፣ ቢም (ከጣሪያው ሥር ወጥቶ የሚያልፍ አግዳሚ) ካለም ከቢሙ ሥር ያለው ከፍታ

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱን ስትረከቡ ወይም ስትዋዋሉ የተሰጣችሁን የፕላን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ። ፕላን ላይ የተጻፈው ልክ የግድግዳ ውፍረትን ወይም ልስንን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ካሬ ሜትሩም ብቻውን አይጠቅማችሁም። 17 ካሬ የሆነ ክፍል ረጅምና ጠባብም፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑም ሊሆን ይችላል፤ ሶፋ የሚያስተናግደው ግን አንዱ ብቻ ነው።

3. ወደ ካሬ ወረቀቱ አዛውሩት

አንድ ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 360 ሴንቲ ሜትር 36 ካሬ፣ 480 ደግሞ 48 ካሬ ይሆናል። መቁጠር ብቻ ነው፤ ሒሳብ የለውም። በማስመሪያ ሴንቲ ሜትር ከመለካት ካሬ መቁጠር የሚሻለው የደብተሮች ካሬ መጠን ስለሚለያይ ነው። ክፍሉንም ዕቃውንም በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ እስከቆጠራችሁ ድረስ ልዩነቱ አይነካችሁም።

48 ካሬ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ አይበቃም። ሁለት ገጽ ገንጥላችሁ ከጀርባ በፕላስተር አያይዙ። አንዱን ካሬ 20 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ማሳነስም ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም፤ እንደዚያ ሲያንስ 5 ሴንቲ ሜትር በእርሳስ መስመር ውፍረት ውስጥ ትጠፋለች።

ግድግዳውን ወፈር አድርጋችሁ አስምሩ። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት ወይም ኮፒ አስደርጉት፤ ባዶውን ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

4. የማይነቃነቀውንና የሚወዛወዘውን አስገቡ

በሮችና መስኮቶች ባሉበት ቦታ የግድግዳውን መስመር በላጲስ ክፈቱት። ከዚያ በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ቦታ ሳሉ። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበር ክንፍ ከማጠፊያው ተነስቶ የ9 ካሬ ርቀት ያለው ሩብ ክብ ይሠራል። ኮምፓስ ከሌላችሁ ክር እርሳስ ላይ አስራችሁ አዙሩት። በዚያ ሩብ ክብ ውስጥ ምንም ዕቃ አይገባም፤ ምንጣፍም ቢሆን በበሩ ሥር ማለፉን ካላረጋገጣችሁ አይገባም።

ወደ ውስጥ የሚከፈት መስኮትም እንደ በር ነው የሚቆጠረው። ሥሩ ያለው ዕቃ ከመስኮቱ ደፍ ከፍ የሚል ከሆነ መስኮቱ ሳይከፈት ሊኖር ነው።

ሶኬቱን በትንሽ ክብ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን በኤክስ ምልክት አድርጉ። የሳሎን መብራት ማጥፊያ ከቡፌ ጀርባ የቀረባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

5. ከዕቃው በፊት መንገዱን አስምሩ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይሄ ነው። ሰው ሲያቅድ ከሶፋው ይጀምራል፤ የተረፈው ቦታ መተላለፊያ ይሆናል። ከዚያ ወደ በረንዳ ለመውጣት በጎን መሹለክ፣ እንግዳ ባለፈ ቁጥር እግር መሰብሰብ ይመጣል።

እርሳሳችሁን መግቢያው በር ላይ አስቀምጡና ወደ ኩሽና ሂዱ። ከመግቢያው ወደ በረንዳ። ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ። እነዚህን መንገዶች ቀለል ባለ ቀለም ቀቡ። ወርዳቸውን በዚህ ልክ ያዙ፦

- ዋናው መተላለፊያ፦ 90 ሴንቲ ሜትር (9 ካሬ)። ትሪ የያዘ ሰው በነፃነት ያልፍበታል።
- አንድ ሰው አልፎ አልፎ የሚያልፍበት፣ ለምሳሌ የአልጋ ጎን፦ ቢያንስ 60
- በሶፋና በጠረጴዛ መካከል፦ ከ40 እስከ 45። ከዚህ ካነሰ ጉልበት ይነካል፤ ከሰፋ ደግሞ ስኒ ለማንሳት መነሳት ግድ ይሆናል።
- ከምግብ ጠረጴዛ ጠርዝ እስከ ግድግዳ፦ ከ75 እስከ 90። ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ ሰው እንዲነሳ ነው።
- ከቁም ሳጥን ፊት፦ የበሩ ክንፍ ወርድና ሰው የሚቆምበት፤ ባጠቃላይ ከ75 እስከ 80

በረንዳው ላይ ልብስ የምታሰጡ ከሆነ የበረንዳውን መንገድ አትቀንሱ። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ይዞ የሚያልፍ ሰው እጁም ይሰፋል።

6. ዕቃውን በካርቶን ቁረጡ

በተመሳሳይ ልኬት ከላይ ሲታይ ያለውን ቅርጽ በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ካርቶን ላይ ለጥፉና ቁረጡ። ስሙንና ልኩን ጻፉበት። አዲስ የምትገዙትን ብቻ አይደለም፤ ያላችሁንም ጭምር። ፍሪጁ፣ የጫማ መደርደሪያው፣ የውኃ ማጣሪያው፣ ለበዓል የሚወጡት የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሁሉ ቦታ ይይዛሉ።

ዕቃው ገና ካልተመረጠ በእነዚህ የተለመዱ ልኮች ጀምሩ፤ ስትመርጡ ታስተካክሉታላችሁ፦

- ሶፋ፦ ጥልቀቱ ከ85 እስከ 95። ለሦስት ሰው የሚሆነው ርዝመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው።
- የምግብ ጠረጴዛ፦ ለእያንዳንዱ ሰው 60 የጠርዝ ርዝመት አስቡ
- ቁም ሳጥን፦ ጥልቀት 60፤ ልብስ በመስቀያ የሚሰቀልበት ከሆነ ከዚህ አታሳንሱት፣ የኮት እጅጌ በበሩ ይያዛል
- ፍሪጅ፦ ወርድ 60 ገደማ፤ ከጀርባው አየር የሚተላለፍበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሩ
- ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን፦ ከጥግ ጥግ 140፣ ወርዱ 1.22 ሜትር ያህል

አልጋ ላይ ተጠንቀቁ። «ባለ 1.50 አልጋ» ሲባል የፍራሹ ወርድ ነው። ከእንጨቱ ጋር 1.60 ሊደርስ ይችላል፤ ትራስጌው ወፍራም ስፖንጅ ያለው ከሆነም ርዝመቱ ይጨምራል። የምትቆርጡት የአልጋውን ሙሉ ልክ እንጂ የፍራሹን አይደለም።

የሚሳብና የሚከፈት ነገር ያለው ዕቃ ላይ የሚከፈትበትን ቦታ በነጠብጣብ መስመር ጨምሩበት። መሳቢያው፣ የቡፌው መስታወት በር፣ ወደ አልጋ የሚዘረጋው ሶፋ ሁሉ እንደተከፈቱ ነው የሚታሰቡት።

7. አሁን አዟዙሩ

ምሳሌውን ሳሎን እንውሰድ። መግቢያው በር ያለው 3.60 በሆነው ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ ጥግ ነው። ከጥጉ 20 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ወርዱ 90 ነው። የኩሽናው በር በቀኙ ረጅም ግድግዳ ላይ ሲሆን ከመግቢያው ጥግ 1.20 ላይ ጀምሮ 2 ሜትር ላይ ያልቃል። የበረንዳው በር በፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከግራው ጥግ 1.40 ላይ ጀምሮ 2.20 ላይ ያበቃል። የግራው ረጅም ግድግዳ ባዶ ነው።

ባለቤቶቹ የሚፈልጉት ኤል ቅርጽ ሶፋ ነው፤ ረጅሙ ክንድ 2.80፣ አጭሩ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 90።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበው ቦታ በግራ በኩል የበረንዳው ጥግ ነው፤ ብርሃን አለዋ። ካርቶኑን እዚያ አስቀምጡት። አጭሩ ክንድ ከጥጉ 20 ካሬ ይሄዳል፤ የበረንዳው በር ግን ከ14ኛው ካሬ ይጀምራል። ከ80 ሴንቲ ሜትሩ በር 60ው ተዘጋ። ሱቅ ውስጥ ይሄ በጭራሽ አይታይም። ወረቀት ላይ ለማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ካርቶኑን ወደ መግቢያው ጥግ አዙሩት። አጭሩ ክንድ በመግቢያው ግድግዳ፣ ረጅሙ በግራው ግድግዳ ይሁን። በሩ ከግራው ጥግ 2.50 ላይ ስለሚጀምር ከሶፋው ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ከሶፋው ጫፍ እስከ ቀኙ ግድግዳ 1.60 አለ፤ የገባ ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት በቂ ቦታ ነው። የበሩ ማጠፊያ በቀኝ ከሆነ ክንፉ ወደ ቀኙ ግድግዳ ይተኛል፤ ሶፋውን አይነካም፣ የኩሽናውንም በር አይደርስበትም።

ቴሌቪዥኑ ከኩሽናው በር ቀጥሎ በቀኙ ግድግዳ ይቀመጥ፤ 1.60 ርዝመት፣ 40 ጥልቀት ያለው ማስቀመጫ። በሶፋውና በማስቀመጫው መካከል 2.30 ይቀራል። 60 ወርድ ያለው ጠረጴዛ ከሶፋው 45 ርቆ ቢቀመጥ የሚተርፈው መንገድ 1.25 ነው። ለዋናው መተላለፊያ ከበቂ በላይ ነው፤ ወደ ኩሽናም ወደ በረንዳም ያደርሳል።

ይህ አቀማመጥ ፍጹም ነው አልልም። ቴሌቪዥኑ ከሶፋው መሃል ፊት ለፊት አይውልም፤ አጭሩ ክንድ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ወደ ቀኝ ማዞር አለበት። ኳስ የሚታይበት ቤት ከሆነ ኤሉን ትታችሁ ባለ ሦስት ሰው ሶፋና ሁለት ነጠላ ወንበር ሞክሩ። ካርቶን ስለሆነ ነፃ ነው።

ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አቀማመጦችን ሠርታችሁ እያንዳንዱን ከላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ። የመጀመሪያው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ቤታችሁ አቀማመጥ ነው።

8. ለቡናውና ለእንግዳው ቦታ ያዙ

ከውጭ የመጡ የአቀማመጥ ሥዕሎች ላይ የማታገኙት ክፍል ይሄ ነው። ረከቦቱ፣ ምድጃውና የምታፈላዋ ሰው በርጩማ አንድ ላይ 1.20 በ1.20 ያህል ይፈልጋሉ። ይህን ካሬ እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሩትና ካርቶን ቁረጡለት። አለዚያ ቡናው የሚፈላው መተላለፊያው ላይ ይሆናል፤ የፈላ ጀበና ደግሞ ሕፃናት ከሚሮጡበት መንገድ መራቅ አለበት።

በምሳሌያችን ረጅሙ ክንድ 2.80 ላይ ስለሚያልቅ በግራ በኩል እስከ በረንዳው ግድግዳ 2 ሜትር ተርፏል። ወርዱም እስከ በረንዳው በር ድረስ 1.40 ነው። የቡናው ቦታ እዚህ ተገኘ። በሩ ሲከፈት ጭሱ ይወጣል፤ የምታፈላዋም ጀርባዋን ለማንም አትሰጥም። ምንጣፉን እዚህ አታድርሱት። ፍም ይረግፋል፣ የቄጤማውም እርጥበት ያበላሸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ምድጃው ከመጋረጃው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ የበረንዳውም መጋረጃ ሲሰበሰብ ወደ ሌላው ጎን ይሰብሰብ። በርና መስኮት ሳይከፈት ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ሳይጠፋም ተኝታችሁ አትደሩ። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

መሶብ የምታቀርቡ ከሆነ የመሶቡን ወርድ ለኩና ዙሪያውን 60 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ክብ ቁረጡ። ጠረጴዛው ሲነሳ መሶቡ በቦታው ይገባል? ጠረጴዛውስ ተነስቶ የት ይቆማል? መልስ ከሌለው ቀለል ያለ ወይም የሚነጣጠል ጠረጴዛ ግዙ።

9. መኝታ ቤቱንም በዚያው ሥሩት

3 በ3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት ውሰዱ። አልጋው ከእንጨቱ ጋር 1.60 በ2.05 ነው። ቁም ሳጥኑን በግርጌ በኩል ብታደርጉት ከ3 ሜትር ላይ 2.05ና 60 ሲነሳ የሚቀረው 35 ሴንቲ ሜትር ነው። 50 ወርድ ያለው የቁም ሳጥን በር አይከፈትም። ቁም ሳጥኑን በአልጋው ጎን አድርጋችሁ አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ብታስጠጉት ግን መካከላቸው 80 ይቀራል። በሩ ይከፈታል፣ ሰውም ይቆማል። የግድግዳው በኩል የሚተኛው ሰው ግን በግርጌ ነው የሚወርደው፤ ማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

10. ወለሉ ላይ በእውነተኛው ልክ አስምሩት

የመረጣችሁትን አቀማመጥ በጠመኔ ወይም በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ አውጡት። ሶፋው የሚያርፍበትን በጋዜጣ ሸፍኑ። ከዚያ ኑሩበት። ትሪ ይዛችሁ ከኩሽና ኑ። በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ወደ መኝታ ሂዱ። ጋዜጣውን ሳታስቡት ከረገጣችሁት፣ ሶፋው ሲመጣ እዚያ ጋ ነው የምትጋጩት።

ወረቀት ከፍታ አያሳይም። ስለዚህ ቡፌው የሚቆምበት ቦታ ላይ ባዶ ካርቶኖች እስከ ቁመቱ ደርድሩ። መስኮቱን ምን ያህል እንደሚጋርድ፣ ክፍሉን ምን ያህል እንደሚያጠብ ያኔ ታያላችሁ።

11. ዕቃው የሚገባበትን መንገድ ለኩ

ክፍሉ ውስጥ መብቃቱ አንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ድረስ መድረሱ ሌላ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሶፋ በደረጃ አልዞር ብሎ በበረንዳ በገመድ ሲሳብ አይታችሁ ይሆናል። አደገኛም ነው፣ ተጨማሪ ብርም ያስወጣል።

የሕንፃውን መግቢያ፣ የደረጃውን ወርድ ከመደገፊያው ብረት እስከ ግድግዳ፣ የማረፊያውን ስፋትና የራሳችሁን በር ለኩ። በሩን የምትለኩት ተከፍቶ፣ ከመቃኑ እስከ ተከፈተው ክንፍ ፊት ድረስ ነው። ክንፉን ከማጠፊያው ማውለቅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

የሶፋውን ርዝመት፣ ጥልቀትና ቁመት ያዙ። ከሦስቱ ትንሹ ከበሩ ክፍት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት፤ የሶፋ ሽፋን ይቀደዳል፣ የተሸካሚዎቹም ጣት መግቢያ ይፈልጋል። እግሩ የሚፈታ ከሆነ ያለ እግሩ ለኩት። ማረፊያውንም በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉና የሶፋውን ካርቶን አዙሩበት። ካልዞረ ሶፋው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ያኔ የደረጃው ጣሪያ ከፍታ ይጠየቃል።

ቁም ሳጥን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቁመቱ 2.40፣ ጥልቀቱ 60 የሆነ ወጥ ቁም ሳጥን 2.45 ከፍታ ባለው ክፍል ውስጥ ይቆማል ብላችሁ ታስባላችሁ። ነገር ግን ተኝቶ ገብቶ ሲነሳ በአግድሙ ነው የሚያልፈው። ወረቀት ላይ 24 ካሬ በ6 ካሬ የሆነ ሳጥን ሳሉና ከጥግ ጥግ ለኩ፤ ወደ 24.7 ካሬ ይመጣል። 2.47 ሜትር ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ይመታል፣ አይነሳም። ወይ ዝቅ ያለ አሠሩ፣ ወይ በቦታው የሚገጣጠም ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ረጃጅም ዕቃዎችን ከግድግዳ ጋር በብረት ማያዣ አስሩ፤ በወረቀቱ ላይም የሚታሰርበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። መሳቢያ እንደ ደረጃ ተጠቅሞ የሚወጣ ሕፃን ባለበት ቤት ያልታሰረ ቡፌ ይወድቃል።

12. ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በወርክሾፕ የምታሠሩ ከሆነ የወረቀቱን ኮፒ ስጧቸው። ልኩ «የውጭ ለውጭ» መሆኑን ጻፉ፤ ማለትም ስፖንጁና ጨርቁ ተጨምሮ የመጨረሻው ልክ። እንጨቱ 2.80 ሆኖ ከተሠራ በኋላ በሁለቱም ጫፍ ስፖንጅ ሲለብስ 2.90 ሊሞላ ይችላል። በምሳሌያችን ይህ ችግር የለውም፤ በሁለት ግድግዳ መካከል ለሚገባ ሶፋ ግን አለቀለት። ኤል ሶፋ ከሆነ አጭሩ ክንድ በግራ ይሁን በቀኝ በቃል አትንገሩ። ከፊት ሲታይና ተቀምጠው ሲያዩት አቅጣጫው ይገለበጣል። ሥዕሉን አሳዩ። ልኩ፣ አቅጣጫውና በስንት ቁራጭ ተለያይቶ እንደሚመጣ ደረሰኙ ወይም ውሉ ላይ ይስፈር።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ዕቃውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎ መሃሉን ባዶ መተው። ለሠርግ መልስ ካልሆነ በቀር መሃሉ አይጠቅምም፤ ሰዎችም ተራርቀው ይጮሃሉ።
- ቴሌቪዥኑን ሶኬት በሌለበት ግድግዳ አድርጎ ማከፋፈያ ገመድ በምንጣፍ ሥር ማሳለፍ። ገመዱ ይረገጣል፣ ይላጣል፣ ይሞቃል። ወይ ቴሌቪዥኑን አዙሩ፣ ወይ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሶኬት አስጨምሩ።
- ምንጣፉን መጀመሪያ መግዛት። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች እንዲያርፉበት ነው የሚመረጠው፤ ስለዚህ የሶፋው ቦታ ሳይወሰን ልኩ አይታወቅም።
- የመጋረጃ ብረትን ልክ በመስኮቱ ወርድ ማስቆረጥ። በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ የተሰበሰበው መጋረጃ ብርሃኑን እንዳይዘጋ።
- «በመጨረሻ እናስተካክለዋለን» ብሎ 2 ሴንቲ ሜትር መስረቅ። ወረቀቱ ላይ ልክ ለልክ የገባ ዕቃ ቤት ውስጥ አይገባም። በየጎኑ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ።
- ንድፉን ቤት ትቶ ገበያ መውጣት። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ፣ ሜትሩን ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሻጩ የሚነግራችሁን ልክ ሳይሆን ራሳችሁ የለካችሁትን ጻፉ፤ ሶፋውንም ከመቀመጫው ሳይሆን ከእጅ መደገፊያው ውጫዊ ጫፍ እስከ ውጫዊ ጫፍ ለኩት።